ራስ ምታት መቼ ነው የሚያሰጋው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 36 ዓመቴ ነው። ከአሥራዎቹ ዕድሜዬ ጀምሮ ማይግሬን አለብኝ። በወር አንድ ሁለቴ ይመጣል፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኝቼ ያልፍልኛል። ካለፈው አንድ ወር ወዲህ ግን በየቀኑ ሆኗል። ጠዋት ስነቃ አብሮኝ ይነቃል። ሳስልና ሳስነጥስ ይብሳል። ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ለጥቂት ሰከንድ ዓይኔ ይጨልማል፤ እሱ እንኳን ከድካም ይመስለኛል። ማስታገሻ ስወስድ ይቀንስልኛል። ቤተሰቦቼ «ያው የለመድሽው ማይግሬን ነው፣ ጭንቀት ቀንሺ» ይሉኛል። እኔ ግን ዕጢ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ራስ ምታት መቼ ነው መፍራት ያለብኝ? ሲቲ ስካን ልነሳ?

ምላሽ፦ ስለ ሌላው ከማውራቴ በፊት የእርስዎን ልጨርስ። ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሌላ ሳምንት አይጠብቁ። ማስታገሻው ስለቀነሰልዎትም አይዘናጉ። ይህን የምለው ላስፈራራዎት አይደለም። ከጻፉልኝ ውስጥ ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሲመጡ የሚታለፉ ስላልሆኑ ነው።

አንደኛው፣ ለዓመታት ጠባዩን የሚያውቁት ራስ ምታት በአንድ ወር ውስጥ መለወጡ ነው። ሁለተኛው፣ ጠዋት አብሮዎት መነሣቱና በሳልና በማስነጠስ መባሱ ነው። ሦስተኛው እርስዎ በድካም ያመካኙት የዓይን መጨለም ነው። ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ ይኸኛው ነው።

የራስ ቅል አጥንት አይለጠጥም። በውስጡ ያለው ግፊት ሲጨምር ሕመሙ ሲተኙ፣ ሲያስሉ፣ ሲያስነጥሱና ጎንበስ ሲሉ ይብሳል። ይህ ግፊት በዓይን ነርቭ ሽፋን በኩል እስከ ዓይን ጀርባ ይደርሳል። ነርቩም ያብጣል። ነርቩ ያበጠበት ሰው አቋሙን ሲቀይር እይታው ለጥቂት ሰከንድ ጥፍት ብሎ ይመለሳል። አንዳንዱ ደግሞ በጆሮው ውስጥ ከልብ ምቱ ጋር የሚሄድ ሹሹታ ይሰማል። እርስዎም ይህን ከሰሙ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ደስ የሚለው ነገር የነርቩ እብጠት በዓይን ይታያል። ሐኪሙ በእጁ በሚይዛት ትንሽ መብራት የዓይንዎን የውስጥ ጀርባ ይመለከታል። ጥቂት ደቂቃ ነው፣ አያምም። ራስ ምታት ይዞት ከሚመጣ ሰው ላይ በጣም ብዙ ከሚነግሩን ምርመራዎች አንዱ ይኸው ነው። በጥድፊያ መሀል ግን ቶሎ የሚዘነጋ ነው። ስለዚህ «የዓይኔ ነርቭ ማበጥ አለማበጡን እዩልኝ» ብለው ይጠይቁ። ይህን መጠየቅ ሐኪምን መዳፈር አይደለም።

ዕጢ ነው እያልኩዎት አይደለም። በእርስዎ ዕድሜ ባለች ሴት ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ሲመጣ ዕጢ ከብዙዎቹ ምክንያቶች አንዱ ብቻ ነው። አንደኛው ምክንያት ምንም ዕጢ ሳይኖር የአንጎል ፈሳሽ ግፊት የሚጨምርበት ሕመም ነው። ልጅ መውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉና በቅርቡ ክብደት የጨመሩ ሴቶችን ይበልጥ ያጠቃል። እንደ ዶክሲሳይክሊን ያሉ አንቲባዮቲኮችና ለብጉር የሚሰጡ ከቫይታሚን ኤ ዘር የሆኑ መድኃኒቶችም ያመጡታል። ይታከማል። ካልታከመ ግን የሚጎዳው እይታ ላይመለስ ይችላል። ሁለተኛው ከአንጎል ደም የሚመልሱት ሥሮች ውስጥ ደም መርጋቱ ነው። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ያለበት የወሊድ መከላከያ ኪኒን፣ እርግዝናና ከወሊድ በኋላ ያሉት ሳምንታት ለዚህ ያጋልጣሉ። ስለዚህ ኪኒን ይወስዱ እንደሆነ፣ የትኛውን እንደሆነና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ሳይጠየቁም ይናገሩ።

ነገን የማይጠብቅም አለ። የጨለመው ዓይንዎ ቶሎ ካልተመለሰ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየዎት፣ ደጋግሞ ካስመለሰዎት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለዎት፣ አንድ ጎንዎ ከዛለ ወይም ሰውነትዎ እንደሚጥል በሽታ ከተንቀጠቀጠ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። በራስዎ መኪና እየነዱ ግን አይሂዱ።

አሁን ወደ ሰፊው ጥያቄዎ ልምጣ። አብዛኛው ሰው ራስ ምታትን የሚለካው በሕመሙ ብርታት ነው። «ራሴ ሊፈነዳ ነው» ያለ ይፈራል። «ትንሽ ከብዶኛል» ያለ ሥራውን ይቀጥላል። ይህ መለኪያ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ማይግሬን ሰውን አልጋ ላይ ጥሎ፣ አስመልሶ፣ ብርሃን አስጠልቶ እስከ 3 ቀን ሊያቆየው ይችላል። ከዚያ ይለቀዋል፤ አንጎሉ ላይ የተበላሸ ነገር አይገኝም። በአንጻሩ በአንድ አዛውንት ራስ ቅል ውስጥ ቀስ በቀስ የሚጠራቀም ደም ቀለል ያለ የማያቋርጥ ክብደት ብቻ ሊሰማ ይችላል። የአንጎል ሥጋ ራሱ ሕመም አይሰማውም። የሚያመው ሽፋኑ፣ ትልልቆቹ የደም ሥሮች፣ ነርቮቹ፣ እንዲሁም የራስና የአንገት ጡንቻ ነው። ለዚህ ነው የሕመሙ ብርታትና የበሽታው ክብደት አብረው የማይሄዱት።

እኛ ከብርታቱ ይልቅ የምንጠይቀው ሌላ ነው። እንዴት ጀመረ? ምን አብሮት መጣ? የመጣው በማን ላይ ነው? ከበፊቱ በምን ተለየ? በእነዚህ አራት ጥያቄዎች አደገኛው ከማያሰጋው በአብዛኛው ይለያል።

አጀማመሩ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከሁሉም የሚያስቸኩለው በድንገት የሚጀምረው ነው። ምንም ሳያምዎት ቆይቶ በ1 ደቂቃ ውስጥ የመጨረሻ ብርታቱ ላይ ከደረሰ ሕመሙ የመብረቅ ያህል ድንገተኛ ነው። የተለመደው ማይግሬን እንዲህ አይመጣም። ቀስ ብሎ በብዙ ደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ነው የሚበረታው። ይህን ለመለየት ታማሚን «ሲጀምር ምን እየሠሩ ነበር?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ደረጃ እየወጣሁ፣ ሦስተኛው ላይ ስደርስ» ብሎ ቅጽበቷን ቆጥሮ ከነገረኝ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ የምንፈራው በአንጎል ሥር ያለ የደም ሥር ላይ ሳስቶ ያበጠ ቦታ ፈንድቶ ደም በአንጎል ዙሪያ መፍሰሱን ነው። ከባድ ዕቃ ሲያነሡ፣ ሲያምጡ ወይም በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወቅት ሊከሰት ይችላል፤ ቁጭ ባሉበትም ይከሰታል። አንዳንዱ ራሱን ይስታል፣ ያስመልሰዋል። አንገቱ የሚገተረው ግን ብዙ ጊዜ ከሰዓታት በኋላ ነው። ስለዚህ ያኔውኑ አንገት ስላልተገተረ ደህና ነው ማለት አይቻልም። ሌላው አሳሳች ነገር ሕመሙ ሊቀንስ መቻሉ ነው። ሰውየው «ተሻለኝ» ብሎ ይተኛል። የፈነዳው ሥር ግን እንደገና ሊደማ ይችላል። ይህ አደጋ በጣም የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነው። ሁለተኛው ደም መፍሰስ ደግሞ ከመጀመሪያው ይበልጥ ይገድላል።

ሰዓቱ ለምርመራውም ወሳኝ ነው። ሕመሙ በጀመረ በ6 ሰዓት ውስጥ በዘመናዊ መሣሪያ የተነሣና በባለሙያ የተነበበ ሲቲ ስካን ይህን ደም ሳያገኝ የሚቀረው እጅግ በጥቂቱ ነው። ሰዓቱ እየረዘመ ሲሄድ ደሙ እየሟሟ ከምስሉ ላይ ይደበዝዛል። ያኔ ከጀርባ ፈሳሽ መውሰድ ወይም የደም ሥሮችን የሚያሳይ ተጨማሪ ምስል ያስፈልጋል። ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ሁሉ ደም መፍሰስ ነው ማለቴ አይደለም። የአንጎል ደም ሥሮች ለጊዜው መኮማተር፣ የአንገት ደም ሥር ግድግዳ መሰንጠቅ፣ ቅድም ያነሣሁት የደም መርጋትም በዚህ መልክ ይመጣሉ። ከነጭራሹ ምክንያት የማይገኝለትም አለ። ይህን ሁሉ ግን ቤት ቁጭ ብሎ የሚለይ ሰው የለም፤ እኔም ብሆን አልችልም።

የአንገት ደም ሥር ካልኩ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። አንገቱ ከተጠመዘዘ፣ ከወደቀ ወይም አንገቱን በኃይል ከታሸ በኋላ በአንድ ጎን አንገቱንና ራሱን የሚያመው ሰው አለ። በዚያው ጎን የዓይኑ ቆብ ወደ ታች ካለና የዓይኑ ብሌን ከሌላው ካነሰ ያኔውኑ መታየት አለበት። ከተሰነጠቀው ግድግዳ ላይ የረጋ ደም ተነሥቶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ወጣቶችንም ይይዛል።

አብሮ የሚመጣው ነገር ደግሞ ሰፊ ነው። ትኩሳት ልጀምር። ትኩሳትና ራስ ምታት አብረው ሲመጡ በአብዛኛው ጉንፋን ወይም ሌላ ቀላል ኢንፌክሽን ነው። ወባ ባለበት አካባቢ የሚኖር ወይም ከዚያ የተመለሰ ሰው ግን ወባን መመርመር አለበት። የማጅራት ገትር ጥርጣሬ የሚመጣው አንገት ሲገተር፣ ሰውየው ሲደናገር ወይም ሲያንቀላፋ፣ ብርሃን ሲያስጠላው ነው። ቆዳው ላይ ሲጫኑት የማይጠፋ ቀይ ወይም ሐምራዊ ነጠብጣብ ከወጣ ደግሞ ደቂቃ አይባክንም።

ብዙ ሰው «አንገቱ ስላልተገተረ ማጅራት ገትር አይደለም» ይላል። እንዲያ አይደለም። በኔዘርላንድስ 696 የባክቴሪያ ማጅራት ገትር ክስተቶች ላይ ተሠርቶ በ2004 የታተመ ጥናት አለ። ትኩሳት፣ የአንገት መገተርና የአእምሮ መደናገር ሦስቱም አንድ ላይ የታዩት በ44 በመቶዎቹ ላይ ብቻ ነበር። ራስ ምታትን አራተኛ አድርገን ስንጨምር ግን 95 በመቶዎቹ ከአራቱ ቢያንስ ሁለቱ ነበሯቸው። ስለዚህ ሁሉም ምልክት እስኪሟላ አይጠበቅም። ሁለቱ በቂ ናቸው።

ማጅራት ገትር ሁሌም በአንድ ቀን አያጣድፍም። ኤችአይቪ በደማቸው ያለና የሲዲ ፎር (በሽታ ተከላካይ ሴሎች) ቁጥራቸው የወረደ ሰዎች ላይ፣ በተለይ ከ100 በታች ሲሆን፣ ክሪፕቶኮከስ የሚባል ፈንገስ ማጅራት ገትር ያመጣል። ይህኛው ለሳምንታት ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። ትኩሳቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል፣ አንገትም ላይገተር ይችላል። ያለው በየቀኑ የሚብስ ራስ ምታት ብቻ ይሆናል። የቲቢ ማጅራት ገትርም እንደዚሁ ነው፤ ሰውየው ይከሳል፣ ያልበዋል፣ ይዝላል፣ ጠባዩ ይቀየራል። የኤችአይቪ መድኃኒቱን ያቋረጠ ወይም ለኤችአይቪ ተመርምሮ የማያውቅ ሰው ለሳምንታት የሚዘልቅ አዲስ ራስ ምታት ካለው ለሐኪሙ እውነቱን ይንገረው። ለእንዲህ ያለ ሰው ከጀርባ ፈሳሽ መውሰድ ብዙዎች እንደሚፈሩት ጉዳት አይደለም። በሽታውን ያሳውቃል። በክሪፕቶኮከስ ላይ ደግሞ የጨመረውን ግፊት ቀንሶ ሕይወት ያተርፋል። የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱና ንቅለ ተከላ ያደረጉ ሰዎችም ይህን ክፍል ስለ እነሱ እንደተጻፈ አድርገው ያንብቡት።

ቀጥሎ የነርቭ ምልክቶች አሉ። ፊት በአንድ ጎን መጣመም፣ እጅ ወይም እግር መዛል፣ አንደበት መተሳሰር፣ ሚዛን መሳት፣ መንቀጥቀጥ። እነዚህ ከራስ ምታት ጋር ሲመጡ መጀመሪያ የሚታሰበው ስትሮክ ነው። የጀመረበት ሰዓት በወረቀት ይያዝ። ደም ቧንቧ በመዘጋቱ ለመጣ ስትሮክ የሚሰጠው የረጋ ደም አሟሚ መድኃኒት በመደበኛነት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው።

ማይግሬን ያላቸው ሰዎች እዚህ ላይ ይደናገራሉ። ማይግሬንም ከሕመሙ በፊት ብልጭታ ያሳያል፣ እጅ ያደነዝዛል፣ ቃል ያሳጣል። ልዩነቱ አመጣጡ ላይ ነው። የማይግሬኑ ቀስ እያለ ይስፋፋል። ብልጭታው ከአንድ ጥግ ተነሥቶ ያድጋል፤ ድንዛዜው ከጣት ወደ ክንድ፣ ከዚያ ወደ ከንፈር ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 60 ደቂቃ ቆይቶ ይጠፋል። የስትሮኩ ግን በአንድ ጊዜ ነው የሚመጣው፤ አካል ይዝላል፣ ይደነዝዛል፣ ነገር ይጎድላል። ቢሆንም ለመጀመሪያ ጊዜ የታየብዎት ከሆነ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ ወይም የዛለው አካል ከሆነ በራስዎ አይወስኑ፣ ድንገተኛ ክፍል ይታዩ። ብልጭታ ያለው ማይግሬን ያላት ሴት ኤስትሮጅን ያለበትን የወሊድ መከላከያ ባትወስድ ይመረጣል፤ ሁለቱ ሲደመሩ የስትሮክ አደጋ ይጨምራል። ሌሎች አማራጮች አሉ።

ሕመሙ የመጣበት ሰው ማንነት ፍርዳችንን ይቀይረዋል። ራሱን አሞት የማያውቅ ሰው ከ50 ዓመቱ በኋላ አዲስ ራስ ምታት ከጀመረው «ዕድሜ ነው» ብሎ ማለፍ ትልቅ ስህተት ነው። በዚህ ዕድሜ ከምንፈልጋቸው አንዱ በጆሮና በግንባር መካከል የሚያልፈው የደም ሥር መቆጣት ነው። ምልክቱን አንድ ጊዜ የሰማ ሰው አይረሳውም። ፀጉር ሲያበጥሩ ወይም ትራስ ላይ ሲጋደሙ የራስ ቆዳ ያማል። ምግብ ሲያኝኩ መንጋጋ ይደክማል፣ ያማል፤ ሲያርፉ ይተዋል። ትከሻና ዳሌ ጠዋት ይይዛል። ሰውነት ይከሳል፣ ቀለል ያለ ትኩሳት ይኖራል። ይህ በሽታ አስቸኳይ የሚሆነው ዓይን ስለሚያጠፋ ነው። አንዱ ዓይን ከጠፋ ሁለተኛው በቀናት ውስጥ ሊከተል ይችላል፤ የጠፋው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። የደም ምርመራ ይታዘዛል፣ ከደም ሥሩም ናሙና ይወሰዳል። ሐኪሙ ከጠረጠረ ግን የናሙናውን ውጤት ሳይጠብቅ ስቴሮይድ የሚባለውን ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት ይጀምራል። እናትዎ ወይም አባትዎ «ሳኝክ መንጋጋዬ ይደክማል» ካሉዎት ጥርስ ሐኪም ዘንድ ብቻ ወስደው አይመለሱ።

ነፍሰ ጡር ሴት ከ20 ሳምንት በኋላ ጠንከር ያለ ራስ ምታት ከጀመራት የደም ግፊቷ በዚያው ቀን ይለካ። 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የእርግዝና ደም ግፊት ያሳስበናል። 160 በ110 ከደረሰ ከባድ ነው። ዓይን ፊት ብልጭ ብልጭ ማለት፣ ከቀኝ ጎድን አጥንት ሥር ማመም፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት ቀጥሎ መንቀጥቀጥ ሊመጣ እንደሚችል ያስጠነቅቃሉ። ማግኒዢየም ሰልፌት የሚባለው መድኃኒት የመንቀጥቀጡን አደጋ ከግማሽ በላይ ይቀንሳል፤ ግን በጊዜ መድረስ አለባት። ይህ አደጋ ልጁ ሲወለድ ወዲያው አያበቃም፤ እስከ 6 ሳምንት ይዘልቃል። አራስ ሴት ራሴን አመመኝ ስትል «እንቅልፍ አጥተሽ ነው» ይሏታል። እንቅልፍ ማጣቷ እውነት ነው። ግፊቷን መለካት ግን ምንም አያስከፍላትም። ከወገብ በታች የሚያደነዝዝ መርፌ ተወግታ የወለደች ሴት ደግሞ ስትቆም የሚብስ፣ ስትጋደም የሚተው ራስ ምታት ካላት መርፌው በገባበት ቀዳዳ የአንጎል ፈሳሽ እያመለጠ ይሆናል። በአብዛኛው አይገድልም፣ ሕክምናም አለው። ስትጋደም መተዉን ካቆመ ግን እንደገና ትታይ።

ራሱን የተመታ ሰው ከደቂቃዎች ደህንነት በኋላ እየባሰበት ከሄደ፣ ካስመለሰው ወይም ካንቀላፋ ይወሰድ። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ዘግይቶ የሚመጣውን ነው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ወይም መጠጥ የሚያዘወትሩ ሰዎች ትንሽ ግጭት ይበቃቸዋል። በር ነካ ያደርጋቸዋል፣ ይረሱታል። ከሳምንታት በኋላ ራስ ምታት፣ ዝንጉነት፣ መንገዳገድ ይጀምራል። ቤተሰብ «ጃጁ» ይላል። ውስጥ ያለው ግን የተጠራቀመ ደም ሊሆን ይችላል። ደሙ ሲወጣ ብዙዎቹ ወደ ቀድሞ አእምሯቸው ይመለሳሉ።

ዓይን ቀልቶ፣ እይታ ደብዝዞ፣ መብራት ዙሪያ ቀለበት እየታየ ራስ ምታትና ማስመለስ ከመጣ የዓይን ውስጥ ግፊት በድንገት የጨመረበት ግላኮማ ሊሆን ይችላል። በሰዓታት ውስጥ የዓይን ሐኪም ይፈልጋል።

አንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች ሁሉ አንድ ላይ ራሳቸውን ካመማቸውና ሲወጡ ከተሻላቸው ደግሞ በሽታ ሳይሆን ጭስ ፈልጉ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል፣ ጄነሬተር፣ ጋዝ ማሞቂያ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ወዲያው ወጥታችሁ ንጹሕ አየር ውሰዱ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት ሂዱ። እዚያም ስለ ጭሱ መናገር ያስፈልጋል። ጣት ላይ የሚደረገው ተራ የኦክስጅን መለኪያ ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ስለማይለየው ቁጥሩ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል።

ሕፃናት ላይ ብዙ አልቆይም። ሕመሙን ማስረዳት የማይችል ትንሽ ልጅ ራሱን እየያዘ የሚያለቅስ ከሆነ፣ ጠዋት ጠዋት የሚያስመልሰው፣ አዲስ የዓይን መንሸዋረር ወይም የአረማመድ መዛባት ያመጣ ልጅ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ይታይ።

አሁን እርስዎን እንቅልፍ ወደ ነሣዎት ዕጢ ልመለስ። በአንጎል ዕጢ ሳቢያ የሚመጣ ራስ ምታት ምንም ሌላ ምልክት ሳይኖረው ብቻውን ለረጅም ጊዜ መቆየቱ የተለመደ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የንግግር ወይም የጠባይ ለውጥ፣ የማየት ችግር አብሮት ይመጣል። ለ10 ዓመት አንድ ዓይነት ሆኖ የሚመላለስ ራስ ምታት ዕጢ የመሆን ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። የተለወጠው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ማይግሬን ያለበት ሰው ከሌላ በሽታ አይከለልም። እንዲያውም አንዴ «ማይግሬን» የሚል ስም ከወጣለት በኋላ የሚመጣው ሁሉ በዚያ ስም ይጠራል፤ ቤተሰብም፣ ራሱም፣ አንዳንዴ ሐኪሙም። ለዚህ ነው «የለመድሽው ነው» የሚለውን የቤተሰብዎን ቃል እንዳይቀበሉ የምለምንዎት። ክፉ አስበው አይደለም። ግን የለመዱት እንዳልሆነ በጽሑፍዎ ውስጥ ራስዎ ነግረውኛል።

የደም ግፊትም ያለ ጥፋቱ ብዙ ይወቀሳል። መጠነኛ የግፊት መጨመር በአብዛኛው ራስ አያሳምምም፤ ለዚህም ነው ሰው ለዓመታት ሳያውቀው የሚኖረው። ራስን ስላመመ ብቻ የግፊት ኪኒን መደረብ አደጋ አለው። 180 በ120 እና ከዚያ በላይ ሆኖ መደናገር፣ የእይታ መደብዘዝ፣ የደረት ሕመም ወይም የአካል መዛል ካለ ግን ድንገተኛ ክፍል ነው መሄድ።

ማስታገሻ መውሰድዎ የተሻለ ስሜት ስለሰጠዎት ተጽናንተዋል። ይህን መጽናናት ልነጥቅዎት ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በፓራሲታሞል ወይም በኢቡፕሮፌን መተው ሕመሙ ቀላል መሆኑን አያረጋግጥም። ደም የፈሰሰበት ሰውም፣ ዕጢ ያለበትም ለጊዜው ሊቀንስለት ይችላል። ሁለተኛ ነገር፣ ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። እንደ ፓራሲታሞልና ኢቡፕሮፌን ያሉትን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ኮዴይን ያለባቸውን፣ ቅልቅሎቹንና ለማይግሬን ብቻ የሚሰጡትን ደግሞ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ ከ3 ወር በላይ የወሰደ ሰው ከመድኃኒቱ የተነሣ በየቀኑ ሊያመው ይችላል። የእርስዎ ገና አንድ ወሩ ስለሆነ ሁሉንም በዚህ ማሳበብ አልችልም። ግን ካሁኑ ይቆጣጠሩት።

«ሲቲ ስካን ልነሳ?» ላሉኝ፣ ራስዎ ሄደው ከመነሳትዎ በፊት ይመርመሩ። ጠባዩ ያልተለወጠ፣ ምርመራው ንጹሕ የሆነ ማይግሬን ያለው ሰው ምስል አያስፈልገውም፤ ጨረሩም ትርጉም የሌላቸው ጥቃቅን ግኝቶችም ያስጨንቁታል። እርስዎ ግን ምስል እንደሚታዘዝልዎት እጠብቃለሁ፤ የዓይን ነርቩ ካበጠ ደግሞ ግድ ነው። የትኛው ምስል የሚለው ወሳኝ ነው። ተራ ሲቲ ስካን የረጋ ደምን ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ ከአንጎል ደም የሚመልሱት ሥሮች የሚታዩበት ሲቲ ወይም ኤምአርአይ ያስፈልጋል። ምስሉ ንጹሕ ከሆነም ጉዳዩ አያልቅም፤ ቀጥሎ ከጀርባ ፈሳሽ ወስዶ ግፊቱን መለካት ይመጣል። «ሲቲ ተነሥቼ ነጻ ነኝ» ብለው የዓይኑን ነገር እንዳይተዉት።

ሲሄዱ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፦ የተለወጠበትን ቀን፣ ዓይንዎ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጨልም፣ ባለፈው ወር ስንት ቀን ማስታገሻ እንደወሰዱ፣ የሚወስዷቸውን ኪኒኖች በሙሉ፣ ቫይታሚንና የቆዳ መድኃኒትም ሳይቀር፣ የመጨረሻው የወር አበባዎ መቼ እንደነበረ። ክብደትዎ ከተለወጠ እሱንም ያስፍሩ። ቢቻል አብሮዎት የሚኖር ሰው ይዘው ይሂዱ። ንግግርዎ መቀየሩን፣ ነገር መርሳትዎን ወይም አንድ ጎንዎን መጎተትዎን እርስዎ ላያስተውሉት ይችላሉ፤ አብሮዎት የሚበላ ሰው ግን ያየዋል።